የመመረቂያ ጽሑፍ እርማት፦ የ9 ቀን የሥራ ማስታወሻ

ሥራው በሠርግ ዘፈኖች ላይ በአማርኛ የተጻፈ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። 94 ገጽ፣ አምስት ምዕራፍ አለው፤ የዘፈኖቹ ግጥም በአባሪነት ተያይዟል። አማካሪው ይዘቱን አይተው ጨርሰዋል። የቀረው ሰዋስው፣ ሥርዓተ ነጥብና የፊደል እርማት ነው። አራሚዎቹ ሁለት ሲሆኑ አንዱ ያነባል፣ ሌላው የመጀመሪያው ያረመውን ይፈትሻል። ሐሳብ አይለወጥም፤ ሐሳቡ ግልጽ ካልሆነ በጎን ጥያቄ ይጻፋል እንጂ በግምት አይሞላም።

ቀን 1፦ ፋይሉን ማጽዳት

ለፋይሉ ሦስት ቅጂ ወጣለት። የመጀመሪያው አይነካም። በሁለተኛው የማሽን ሥራው ብቻ ይሠራበታል፤ ይኸውም ባዶ ቦታ፣ የነጥብ ምልክትና ፎንት ማስተካከል ነው። ሦስተኛው ከጸዳው ቅጂ ይገለበጥና እውነተኛው እርማት ትራክ ቼንጅስ (ወርድ የተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም እያንዳንዱን ለውጥ በምልክት የሚያሳይበት መሣሪያ) በርቶ በእሱ ላይ ይካሄዳል። ሁለቱን መለየት የግድ ነው። ባዶ ቦታ ማጥፋቱ ትራክ ቼንጅስ እንደበራ ከተሠራ በየገጹ ሠላሳ አርባ ቀይ ምልክት ይሰፍራል፤ ተማሪዋ በዚያ መሀል አንድ ግስ መለወጡን ሳታይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተቀብላ ታልፋለች።

ትልቁ ቆሻሻ የተገኘው አራት ነጥብ ላይ ነው። በዐይን ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ በፍለጋ ሲፈተሽ ግን ሦስት ዐይነት ሆነ። አንዱ እውነተኛው «።» ነው፣ የዩኒኮድ (ኮምፒዩተር ለየፊደሉ የሚጠቀምበት የኮድ ሥርዓት) ቁጥሩ 1362። ሁለተኛው ቁጥሩ 1361 የሆነው ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተመትቶ የተሠራ «፡፡» ነው። ሦስተኛው የእንግሊዝኛው ኮለን ሁለቴ ተመትቶ የተገኘ «::» ነው። ከአራት ነጥብ በፊት የገባውን ባዶ ቦታ ለማጥፋት ፍለጋ ሲታዘዝ ሁለቱ አስመሳዮች ያመልጣሉ። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ቦታ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ባዶ ቦታ ገብቶ «፡ ፡» ሆኗል፤ መስመሩ እዚያ ላይ ሲያልቅ ግማሹ ነጥብ በአንዱ መስመር ጫፍ፣ ግማሹ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይቀመጣል። ተማሪዋ ይህን የአታሚ ስሕተት አድርጋው ነበር።

የመተካቱ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። በቅድሚያ «፡ ፡» ወደ «፡፡»፣ ቀጥሎ «፡፡» እና «::» ወደ «።» ይቀየራሉ። ከዚያ «፡-» እና «:-» ወደ «፦»። ቀጥሎ ከ«።»፣ ከ«፣» እና ከ«፤» በፊት ያለ ባዶ ቦታ ይጠፋል። በመጨረሻ ድርብ ባዶ ቦታ ወደ ነጠላ ይለወጣል፤ ይህን ወርድ «0 ተገኘ» እስኪል መደጋገም ያስፈልጋል፣ አራት ባዶ ቦታ በአንድ ዙር ሁለት ብቻ ይሆናልና። ነጠላውን «:» በጅምላ መንካት አይቻልም። በሰዓት፣ በጥቅስ ቁጥርና በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ትክክለኛ ቦታው ነው።

ከምልክት በኋላ ባዶ ቦታ የጎደለበትን ለማግኘት በወርድ የፍለጋ ሳጥን ዋይልድካርድ (በአንድ ምልክት ብዙ ፊደል የሚፈልገው ምርጫ) ተመርጦ ፍለጋው ላይ ([።፣፤])([ሀ-ፚ])፣ መተኪያው ላይ \1 \2 ተጻፈ። ሀ የፊደል ገበታው የመጀመሪያ፣ ፚ የመጨረሻ ኮድ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለውን ፊደል ሁሉ ያጠቃልላሉ። ይህ በአንድ ደቂቃ ያለቀው ሥራ በእጅ ቢሆን ግማሽ ቀን ይበላ ነበር።

ምዕራፍ ሁለት ላይ 11 መስመር የሚሆን አንቀጽ ከዱሮ ጽሑፍ በቀጥታ ተቀድቶ ገብቷል። ሲታይ አማርኛ ነው፤ ከጀርባው ያለው ኮድ ግን የላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ሙሉ ሰነዱ ተመርጦ ፎንቱ ወደ ኒያላ ቢለወጥ ያ አንቀጽ ወዲያው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅይጥ ይሆናል። አጭር ስለሆነ ከመለወጫ ፕሮግራም ጋር ከመታገል እንደገና መተየቡ ቀለለ። የሙሉ ሰነዱ ፎንት የተቀየረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀን 2፦ የውሳኔ ገጽ

ዛሬ አንድም ዓረፍተ ነገር አልታረመም። የተሠራው አንድ ገጽ ሰነድ ነው፦ በግራ ተማሪዋ የተጠቀመችባቸው አጻጻፎች፣ በቀኝ የተመረጠው። ይህ ገጽ ከሌለ ሁለት አራሚዎች አንዱን ቃል በሁለት መንገድ ያርሙታል፤ አንድ አራሚም ቢሆን በገጽ 12 የወሰነውን በገጽ 70 ይረሳዋል።

ሞክሼ ሆሄያት (ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደሎች) ቀዳሚው ጉዳይ ናቸው፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ረቂቁ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ብቻ «ሥርዓት»፣ «ስርዓት»፣ «ሥርአት» እና «ስርአት» አለው። ከየሞክሼው አንዱን ብቻ ይዞ መጻፍም ሥርወ ቃሉን ተከትሎ መጻፍም ደጋፊ አላቸው። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ዝም ካለ የማይፈቀደው ማደባለቁ ነው። እዚህ የተመረጠው ሥርወ ቃሉን መከተል ነው፤ ጽሑፉ ከነባር መጻሕፍት ብዙ ይጠቅሳል፣ ፊደሉ ትርጉም የሚለይባቸው ቃላትም አሉት። ሠዐለ ሥዕል የሠራ ነው፣ ሰአለ የለመነ፤ ስለዚህ «ሥዕል» እና «ስእለት»። ሠረቀ ለወጣች ፀሐይ፣ ሰረቀ ለሌባ ነው፤ «ምሥራቅ» በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ለዚህ ነው። መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ይቅር አለ፤ «መምህር» እና «ምሕረት» የሚለያዩት በዚህ ነው።

ለማመሳከሪያ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም) መዝገበ ቃላት ተከፍተዋል። ተማሪ እነዚህን ገልጦ «ቃሉ የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ በሀለሐመ ስለሚፈልግ ነው። ቅደም ተከተላቸው አበገደ ነው፤ ቃሉም የሚገኘው በሥሩ ነው። «መጽሐፍ» በመ ሳይሆን በ«ጸሐፈ» ሥር ይፈለጋል።

የተወሰኑት 40 ያህል ቃላት ሆኑ። ከእነሱ ጥቂቱ፦ ሥራ፣ ሥነ ቃል፣ ሐሳብ፣ ሕግ፣ ሕይወት፣ ማኅበረሰብ፣ ድኅረ፣ ኃይል፣ ዓለም፣ ዓመት፣ ዕለት፣ ዕውቀት፣ እምነት፣ እውነት፣ ጽሑፍ፣ ፍጹም፣ ፀሐይ፣ ሕፃን። «ዕውቀት» በዐይኑ ዕ፣ «እውነት» በአልፋው እ መሆናቸው ሁሌም ክርክር ያስነሳል፤ ገጹ ላይ አጠገብ ለአጠገብ የተጻፉት ለዚያ ነው።

ከዚያ መተካት። አማርኛ ላይ «ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ» የሚለው ምርጫ ብዙም አይጠቅምም፤ «ስራ» ሲባል «በስራው»፣ «የስራ» እና «ለስራችን» ያመልጣሉ፣ ምዕላዱ (በቃሉ ፊት ወይም ኋላ የሚጨመረው ቅጥያ) ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይጻፋልና። ምርጫው ከጠፋ ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል፦ «ስራ» በጅምላ «ሥራ» ሲሆን «እስራት» ወደ «እሥራት»፣ «እስራኤል» ወደ «እሥራኤል» ይለወጣሉ። «ምስራቅ» በአጋጣሚ ይስተካከላል፤ ምስጋናው ግን ለዕድል ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ ዙሪያውን እያዩ።

ከመተካት ነፃ የሆኑ ሦስት ቦታዎች አሉ። የሰው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀራል፤ «ሀይሉ» ብሎ ያሳተመ ደራሲ «ኃይሉ» አይደረግም። የመጽሐፍ ርእስ በሽፋኑ እንዳለ ነው። ከመጽሐፍ የተወሰደ ቀጥተኛ ጥቅስም እንዲሁ። በአባሪው ያሉት ግጥሞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፦ ዘፋኟ «መጥቸ» ብላ ከሆነ «መጥቼ» ማለት መረጃ ማበላሸት ነው። የጎጃምና የጎንደር አነጋገር በድምፅ ቅጂው ላይ እንደተሰማ መቀመጥ አለበት። አጥኚዋ በራሷ ቃል ስትጽፍ ግን «መጥቼ» ይሁን።

የፊደል ዘር ስሕተቶችም በዚሁ ገጽ ሰፈሩ። «በሗላ» ሳይሆን «በኋላ»። «ተማሪወች» ሳይሆን «ተማሪዎች»። «ኢትዮጲያ» ሳይሆን «ኢትዮጵያ»። «የሚያሳዪ» ሳይሆን «የሚያሳዩ»። ብዙ ጊዜ የበላው «ዉ» ነው። «ነዉ»፣ «ዉስጥ» እና «ዉጤት» ወደ «ነው»፣ «ውስጥ» እና «ውጤት» ይታረማሉ፤ ነገር ግን «ዉ» ሁሉ ስሕተት አይደለም። ስሙ ራሱ በው ሲያልቅና እመር መስተአምር (ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚያሳየው ቅጥያ) ሲጨመርበት «ዉ» ይሆናል፦ ሰው፣ ሰዉ፤ ጨው፣ ጨዉ። «ሰው አጨበጨበ» እና «ሰዉ አጨበጨበ» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የታወቀውን፣ ሠርጉ ላይ ያለውን ሕዝብ ነው የሚለው። በጅምላ መተካት ይህን ልዩነት ድምጥማጡን ያጠፋዋል።

ድርብ ብዜትም አለ። «ቃላቶች»፣ «ምሁራኖች» እና «ሕፃናቶች» ሁለቴ የበዙ ናቸው። «ቃላት»፣ «ምሁራን» እና «ሕፃናት» ይበቃሉ። «አዛውንቶች» ግን አይነካም፤ በአማርኛ «አዛውንት» ለአንድ ሰው ይባላል።

ማጣበቅና መለያየት፦ በ፣ ለ፣ ከ፣ የ ሁልጊዜ ይጣበቃሉ፣ ቁጥር ሲከተላቸውም («በ2012 ዓ.ም»)። ስለ፣ እንደ እና ወደ ከስም በፊት ይለያሉ፣ ስለ እና እንደ ከግስ ጋር ሲሆኑ ይጣበቃሉ፦ «ስለ ዘፈን»፣ «ስለዘፈነ»፤ «እንደ ሚዜ»፣ «እንደመጣ»። «ሥነ ቃል» እና «ቃለ መጠይቅ» ተለያይተው እንዲጻፉ ተወስኗል። ተጣብቀው ቢጻፉም ስሕተት አይባልም፤ 60 ጊዜ ተለያይቶ 25 ጊዜ ተጣብቆ መገኘቱ ነው ችግሩ።

ቀን 3 እና 4፦ ዓረፍተ ነገር

የሥራው ከባድ ክፍል ይህ ነው፤ የፈጀው ሰዓትም ከቀሩት ቀናት ሁሉ ይበልጣል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያኖራል። ጸሐፊው ባለቤቱን ጀምሮ በመሀል ሦስት ሐረጎች ሲያስገባ ማሰሪያው ጋ ሲደርስ የጀመረውን ረስቶታል። ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ፦ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን በሰማያዊ፣ ማሰሪያ አንቀጹን በቢጫ መቀባት፣ ከዚያ ሁለቱን ብቻ ማንበብ። ከ30 ቃል በላይ የሆነ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሳይነበብም ይቀባል።

ከምዕራፍ አንድ፦

«ይህ ጥናት በሠርግ ላይ የሚዘፈኑ ዘፈኖችን በመሰብሰብና በመተንተን የማኅበረሰቡን አመለካከት የሚያሳዩ በመሆናቸው ለትውልድ ማስተላለፍ አስፈላጊ ነው።»

ሁለቱ ብቻ ሲነበቡ «ይህ ጥናት … አስፈላጊ ነው» ይላል። «በመሆናቸው» የሚለው ወደ ዘፈኖቹ ይሄዳል፣ «ማስተላለፍ» ማን እንደሚያስተላልፍ አይናገርም። መፍትሔው መቁረጥ ነው፦

«ይህ ጥናት በሠርግ ላይ የሚዘፈኑ ዘፈኖችን ሰብስቦ ይተነትናል። ዘፈኖቹ የማኅበረሰቡን አመለካከት ስለሚያሳዩ ለትውልድ ሊተላለፉ ይገባል።»

«በመሰብሰብ»፣ «በማድረግ» እና «በመጠቀም» የሚሉት ሐረጎች የማሰሪያውን ባለቤት ይጋራሉ። «ቃለ መጠይቅ በማድረግ መረጃው ተገኝቷል» ሲባል ቃለ መጠይቁን ያደረገው መረጃው ይመስላል። «መረጃው በቃለ መጠይቅ ተገኝቷል» ይበቃል። ምዕራፍ ሦስት ላይ ይህ ዐይነቱ 19 ቦታ ተገኘ፤ የአጠናን ዘዴ የሚጻፍበት ምዕራፍ ስለሆነ አያስደንቅም።

ድግግሞሽ የሚፈጥሩ ጥንዶች ሌላው ጎራ ናቸው። «ስለ ዘፈኖቹ በተመለከተ» ሲል «ስለ» ወይም «በተመለከተ» አንዱ ይውጣ። «እንደ መረጃ ሰጪዎቹ ገለጻ መሠረት» የሚለው «እንደ መረጃ ሰጪዎቹ ገለጻ» ወይም «በመረጃ ሰጪዎቹ ገለጻ መሠረት» ይሁን። «ምንም እንኳ … ቢሆንም ነገር ግን» ከሆነ «ነገር ግን» ትርፍ ነው። «የጥናቱ ዓላማ … ለመመርመር ነው» ላይ ለ ትወገዳለች፤ ዓላማው «መመርመር ነው»።

«ማድረግ» ደግሞ የምሁር ጽሑፍ በሽታ ሆኗል። «ትንተና ተደርጓል» ከማለት «ተተንትኗል»፣ «ንጽጽር ለማድረግ» ከማለት «ለማነጻጸር»። አማርኛ ግሱን በአንድ ቃል ሰጥቶ እያለ ስሙን አስቀድሞ «ማድረግ» መለጠፍ ዓረፍተ ነገሩን ያስረዝማል እንጂ ክብደት አይሰጠውም። ሁሉንም መቀየር ግን አይገባም፤ «ቃለ መጠይቅ ማድረግ» ሌላ ግስ የለውም።

የተሳቢዋ ን። ጉድለቷ ሁለት መልክ አለው። አንዱ መቅረት ነው፦ «አጥኚዋ ዘፈኖቹ ሰበሰበች»። ሌላውና የበዛው ቦታ መሳት ነው፦ «ይህ ጥናትን»፣ «የመጀመሪያው ክፍልን»፣ «ትልቁ ከበሮን»። ከስሙ በፊት ገላጭ ካለና ገላጩ እመሩን ከያዘ ን የምትጣበቀው በገላጩ ላይ ነው፦ «ይህን ጥናት»፣ «የመጀመሪያውን ክፍል»፣ «ትልቁን ከበሮ»። ጸሐፊዎች ስሕተቱን የሚሠሩት የተሳቢውን ስም መጨረሻ እየፈለጉ ነው።

የአሉታ ም በማሰሪያ ግስ ላይ ትገባለች፣ በጥገኛው ላይ አትገባም፦ «አልተጠናም»፣ ግን «ስላልተጠና»። ረቂቁ «ከዚህ በፊት በስፋት አልተጠና።» ብሎ አራት ነጥብ አስቀምጧል። ይህ የትየባ ስሕተት ይመስላል፤ አራት ቦታ ሲደገም ግን ከተሰረዘ ረጅም ዓረፍተ ነገር የተረፈ ቁራጭ መሆኑ ታወቀ።

ቀን 5

የግስ ጊዜ ብቻ። ምዕራፍ ሦስት ከጥናቱ ንድፍ በቀጥታ ስለተገለበጠ ሁሉ ነገር ገና ሊሆን ነው፦ «መረጃው ይሰበሰባል»፣ «ቃለ መጠይቅ ይደረጋል»። ጥናቱ አልቋል፤ «ተሰብስቧል»፣ «ተደርጓል»። «ይሆናል» እና «ይደረጋል» ተፈልገው በ40 ደቂቃ ተስተካከለ።

ቀን 6፦ ስምምነትና አክብሮት

«ዘፈኖቹ … ያሳያል» ስሕተት ነው፣ «ያሳያሉ» ይሁን። ስሙ የብዙ ቁጥር ምዕላድ ከያዘ ግሱም ይይዛል። ወጣት አራሚ ግን ይህን ሲማር «ብዙ ሰው መጣ» የሚለውንም «ብዙ ሰዎች መጡ» እያደረገ መቀየር ይጀምራል። አያስፈልግም፤ መጠን ከሚገልጽ ቃል በኋላ ነጠላው የአማርኛ ወግ ነው። «አምስት ሠርግ ታይቷል» ልክ ነው፣ «አምስት ሠርጎች ታይተዋል» ልክ ነው፣ «አምስት ሠርጎች ታይቷል» ግን አይሆንም።

ጾታ፦ «ከተማው … አላት»፣ «ሀገሪቱ … አለው»። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንዱ ይመረጥ። «ማኅበረሰቡ» በነጠላ ይሄዳል፤ «ማኅበረሰቡ … ያምናሉ» የሚለው ጸሐፊዋ በልቧ ሰዎቹን እያየች መጻፏን ያሳያል፣ ስለዚህ «የማኅበረሰቡ አባላት … ያምናሉ» ተደረገ።

አክብሮት ላይ ረቂቁ ይዋልላል። በአንድ ገጽ «ወይዘሮዋ እንደገለጹት»፣ ከሁለት መስመር በኋላ «እሷ እንዳለችው»። መረጃ ሰጪዎች ሁሉ፣ የ22 ዓመቷ አቀንቃኝም ጭምር፣ በአንቱታ እንዲጠሩ ተወሰነ፤ በዕድሜ መለየት ከተጀመረ ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ መከራከር ይመጣል። የተጠቀሱ ምሁራንም «እንደገለጹት» ይባላሉ። አንቱታ አንድ እንቅፋት አለው፦ ግሱ ከብዙ ቁጥር ጋር አንድ ነው። «ሽማግሌዋና ሙሽራው ተነጋገሩ፤ ከዚያ ወጡ» ሲባል የወጡት ሽማግሌዋ ይሁኑ ሁለቱም አይታወቅም። እንዲህ ባለ ቦታ ስሙ ይደገማል።

አጥኚዋ ራሷን «አጥኚዋ»፣ «የዚህ ጥናት አቅራቢ» እና «እኔ» ብላለች። «አጥኚዋ» ተመርጦ የቀሩት ተለወጡ።

ቀን 7፦ ሥርዓተ ነጥብ

የነጠላ ሰረዝ ጥፋት ትንፋሽን መከተል ነው። «የሙሽራው ሚዜዎች፣ ዘፈኑን ይቀበላሉ» ላይ ባለቤቱንና ግሱን ያለ ምክንያት ይለያል፤ ይውጣ። በዝርዝር ውስጥ ከ«እና» በፊት አይገባም።

ድርብ ሰረዝ ላይ ፈተናው አንድ ነው፦ በ«፤» ቦታ «።» አስቀምጦ ማየት። ከግራ ያለው ብቻውን ከቆመ ድርብ ሰረዝ ይገባዋል። «ዘፈኖቹን ሰብስባ፤» አይቆምም፣ ቦዝ (ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ግስ) ነውና፤ እዚያ ነጠላ ሰረዝ ወይም ምንም። በዚህ ፈተና ብቻ ከ70 በላይ ድርብ ሰረዝ ወረደ። አንድ ዝርዝር በውስጡ ነጠላ ሰረዝ ያላቸው ክፍሎች ሲኖሩት ግን ድርብ ሰረዝ ክፍሎቹን ይለያል።

ቁልቁል የሚወርድ ዝርዝር ከአማርኛ የዓረፍተ ነገር አሠራር ጋር ይጋጫል። ረቂቁ «የጥናቱ ዝርዝር ዓላማዎች፦» ብሎ አራት ነጥቦችን ያወርድና «ናቸው»ን በመጨረሻው ነጥብ ጭራ ላይ ይለጥፋል፤ አራተኛው ዓላማ ብቻ ማሰሪያ አለው፣ ሦስቱ ተንጠልጥለው ቀሩ። ማሰሪያውን አስቀድሞ መዝጋት ይሻላል፦ «የጥናቱ ዝርዝር ዓላማዎች የሚከተሉት ናቸው፦»። ከዚያ ሁሉም ነጥቦች በአንድ መልክ ይጻፋሉ፣ ሁሉም «መለየት»፣ «መመርመር»፣ «ማሳየት» ወይም ሁሉም ሌላ።

ጥቅስ፦ ውጪው «»፣ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጥቅስ ‹›። የተጠቀሰውን «ሲሉ»፣ «ብለዋል» ወይም «አሉ» ከተከተለው በጥቅሱ ውስጥ አራት ነጥብ አይኖርም፦ «ሙሽራው ገና አልመጣም» ሲሉ ተናግረዋል። የጥያቄ ምልክት ግን ከጥቅሱ ጋር ይቀራል። «ዘፈኖቹ ምን ያሳያሉ የሚለውን ይመረምራል?» ጥያቄ አይደለም፣ አራት ነጥብ ይበቃዋል።

«፥» የተገኘው ከቀደመ ኅትመት በተወሰዱ ጥቅሶች ውስጥ ብቻ ስለነበር እዚያው ቀረ።

ቀን 8፦ ዓመትና ዋቢ

ዓ.ም ያለ መጨረሻ ነጥብ ይጻፋል፤ «ዓ.ም.።» የሚባለውን የነጥብ ክምር ለማስቀረት ነው። በቁጥሩና በ«ዓ.ም» መካከል በኮንትሮል፣ ሺፍትና ስፔስ የማይቆረጥ ባዶ ቦታ ገባ፤ «2012» በአንድ መስመር፣ «ዓ.ም» በሚቀጥለው እንዳይቀር።

ትልቁ ስጋት የሁለት ዘመን አቆጣጠር መደባለቅ ነው። የአማርኛ ምንጮች በኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝኛ ምንጮች በአውሮፓ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል። ምዕራፍ ሁለት «በ2010 የተሠራው ጥናት በ2005 ከታተመው ይቀጥላል» ይላል። ሲጣራ 2010 የአውሮፓ፣ 2005 የኢትዮጵያ ነው፤ 2010 በእኛ 2002 ወይም 2003 ነው፣ ስለዚህ ቀዳሚው እሱ ሆኖ ተገኘ። አጥኚዋ በዚህ ላይ ተመሥርታ አንዱ የሌላውን ክፍተት ሞላ ብላለች። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ስላልሆነ አልታረመም፤ በጎን ተጻፈላት። የአውሮፓው ሁሉ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ተጨመረበት። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ነው።

የውጭ ምሁራን ስም አጻጻፍም ይዋልላል። ፎክሎርን በአራት የከፈለው «ዶርሰን» (እ.ኤ.አ. 1972) በሌላ ገጽ «ዶርሶን»፣ በሌላ «ዶርስን» ነው። በውሳኔ ገጹ ላይ «ዶርሰን» ሰፈረ።

ዋቢ ዝርዝሩ ላይ ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ስም፣ ከዚያ የአባት ስም፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ። አንድ ደራሲ በጽሑፉ ውስጥ በአባቱ ስም ተጠቅሶ በዋቢው በራሱ ስም ስለገባ የሌለ ምንጭ መስሎ ነበር። የወርድ መደርደሪያ በሀለሐመ ያስቀምጣል፤ «ሀ» እና «ሐ» ተለያይተው መቀመጣቸው ልክ ነው። ፍተሻው ከሁለቱም ወገን ይሄዳል፦ በጽሑፍ የተጠቀሰ ሁሉ ዋቢ ላይ አለ ወይ፣ ዋቢ ላይ ያለው ሁሉ ተጠቅሷል ወይ። 6 ምንጮች ሳይጠቀሱ ዋቢ ገብተዋል፣ 2 ተጠቅሰው ዋቢ ላይ የሉም።

ቀን 9፦ በወረቀት

ታተመ፤ በስክሪን ላይ ዐይን የለመደውን ያልፋል። አንዱ አራሚ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ምልክቱን ጨምሮ፦ «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ»። ሌላው በእጁ ባለው ቅጂ ይከተላል። በሰዓት 10 ገጽ ያህል ይሄዳል፣ በየ45 ደቂቃው ዕረፍት። ከዚያ በላይ ሲገፋ አንባቢው የጎደለውን ቃል ሳያውቀው እየሞላ ማንበብ ይጀምራል።

ጮክ ብሎ ማንበብ የሚያወጣው ሌላ ነገር ጥብቀት ነው። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውን ከሚላላው አይለይም። «ሚዜው ሲመታ ዘፈኑ ይቆማል» ላይ አንባቢው ተሰናክሎ ቆመ፦ ከበሮውን የሚመታው ሚዜው ነው ወይስ እሱ ነው የሚመታው? «ሚዜው ከበሮውን ሲመታ» ተደረገ። «ሽማግሌው አለ» የሚለውም ንግግር ይሁን መኖር ስለማይታወቅ «ተናገሩ» ሆነ፣ አክብሮቱንም አብሮ አገኘ።

ትክክለኛ ቃል ሆነው በተሳሳተ ቦታ የገቡ 14 ተገኙ። «ሙሽራው» በ«ሙሽራዋ» ቦታ፣ «ዘፋኝ» በ«ዘፈን» ቦታ። እነዚህን ፍለጋ አያገኛቸውም።

ቁጥሮች በመጨረሻ። ምዕራፍ አራት 46 ዘፈን ተተንትኗል ይላል። ሠንጠረዡ 17፣ 12፣ 9 እና 7 አለው፤ ድምሩ 45። አባሪው ላይ ሲቆጠር 46 ነው፣ ሆኖም አንዱ ዘፈን በሁለት አዝማች ስለተዘፈነ ሁለት ጊዜ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። የድምፅ ቅጂውን የሰማችው አጥኚዋ ስለሆነች ጥያቄው ለእሷ ተተወ።

ማውጫው በኤፍ 9 ታደሰ፤ የተለወጡ ርእሶችና ገጾች ገቡ። ለተማሪዋ የተላኩት ትራክ ቼንጅስ የበራበት ቅጂ፣ የጸዳው ቅጂ፣ የውሳኔ ገጹና ሦስት ያልተፈቱ ጥያቄዎች ናቸው፦ የ2010 እና የ2005 ቅደም ተከተል፣ የ45 እና የ46 ዘፈን ልዩነት፣ ዋቢ ላይ የሌሉት ሁለት ምንጮች።